መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ጉድጓድ

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ እንዳልነግርዎት «እሺ እሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርዎን ያድርጉና ቀስ ብለው ያንብቡት።

ወንድሜ ለአዲሱ ቤትዎ ከጅዳ የላከው ብር ደረሰ አሉ። ግንበኛውም ከፋሲካ በፊት መሠረት ላውጣ ብሏል። በሞቴ አባባ፣ ገና እንዳያስጀምሩት።

እስከ ዛሬ የደበቅሁዎትን ልንገርዎ። ገላን በኩል የሠራሁት ቤት ተሰንጥቋል። በሁለተኛው ክረምት ነው የጀመረው። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ ወደ ጣሪያው ወጣ፤ አሁን ጣቴ ይገባበታል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ነሐሴ ላይ አልዘጋም ብሎ ይታገለኛል፤ ጥር ላይ እንደ ጨዋ ልጅ ይዘጋል። ስንጥቁን አስደፍኜ ቀለም አስቀባሁት። በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ሠሪውን ያኔውኑ ስለ አፈሩ ጠይቄው ነበር። «አፈር አፈር ነው፣ ምን ይመረመራል?» አለኝ። እኔም ወጪ ቀነሰልኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አፈሩ ያው የእኛው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር ነው። የእነዋሪን መሬት እንደ እርስዎ የሚያውቅ መሐንዲስ ደግሞ ከየትም አይመጣም። በበጋ ዱላዎን ስንጥቁ ውስጥ ከተው ምን ያህል እንደሚገባ ያሳዩን አልነበር? ክረምት ሲገባ ያ ስንጥቅ ይገጥማል፤ መሬቱ ያብጥና ጫማ ይነጥቃል። አገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አላት ይላሉ። ለጤፍ፣ ለምስር፣ ለጓያ ሲሳይ ነው። ለቤት ግን አይሆንም። ውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እሱም እኩል ቢሆን ደግ ነበር። ዳር ዳሩ ዝናብ ሲጠጣ ከቤቱ ሥር ያለው ደረቅ ይቀራል፤ ግድግዳው አንድ ወገኑ ይነሣና ይሰነጠቃል። ፎቅ ቢሆን በክብደቱ ይጫነው ነበር። የእኛ ዓይነቱ ባለ አንድ ወለል ቤት ግን ቀላል ስለሆነ ያነሣዋል።

«ታዲያ የአያትህ ቤት ስንት ዘመን ቆሞ የለም ወይ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሱ እንጨትና ጭቃ ነው አባባ። መሬቱ ሲነሣ እንጨቱ ይለመጣል፣ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ እማዬ ለእንቁጣጣሽ ትለቀልቀዋለች፣ አለቀ። ብሎኬት መለመጥ አያውቅም።

የምለምንዎት አንድ ጉድጓድ ነው፤ ከተቻለ ሁለት፣ ቤቱ በሚያርፍበት በሁለት ጥግ። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይሁን። ጥቁሩ አፈር የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ከሥሩ ምን እንደሚመጣ፣ ውሃ ያዥ መሆኑን ይዩልኝ። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ዶማ የሚመልስ ድንጋይ ከመጣ ዕድለኞች ነን፤ መሠረቱ እዚያ ድረስ ወርዶ ያርፋል። ካልመጣ ጥቁሩን አውጥቶ ገረጋንቲ፣ ያ የማያብጠውን የመንገድ አፈር፣ እየጠቀጠቁ መሙላት አለ፤ ቋሚዎቹን ብቻ ወደ ጥልቁ ማውረድም አለ። የትኛው እንደሚሻል ባለሙያ ይወስናል እንጂ ግንበኛውም እኔም አንወስን።

እስከዚያው አንድ ነገር ቤትዎ ይሞክሩ። ከጥቁሩ አፈር ያድርቁ፣ ይውቀጡ፣ በወንፊት ይንፉት። በሁለት እኩል ብርጭቆ እኩል እኩል ለክተው አንዱን ደረቁን ይተዉት። የሌላውን ውሃ ባለበት ሦስተኛ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ እያሉ ይበትኑት። ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። በማግሥቱ ከደረቁ ጋር ያስተያዩት። በግማሽ ከፍ ካለ ያሳስባል። እጥፍ ከሆነ ይደውሉልኝ። ይህ ግን የላቦራቶሪን ቦታ አይተካም። ከየንብርብሩ ሁለት ሁለት ኪሎ በፌስታል ጥብቅ አድርገው ያስቋጥሩ፤ ስመጣ አዲስ አበባ ይዤው እሄዳለሁ።

ግንበኛው «ቆፍረን ቀይ አሸዋ እንሙላበት» ብሎ ቢያቀላጥፍ አይስሙት። ውሃ የሚያሳልፍ ነገር በመረሬ መሐል ሲሞላ ጉድጓዱ ገበቴ ይሆናል፤ የጣሪያው ውሃ ሁሉ እዚያ ይተኛል። በልጅነታችን ስንዴው እንዳይሰምጥ በእጃችን መደብና ፈሰስ ያስወጡን አልነበር? ቤቱም ያንኑ ይፈልጋል፤ የጣሪያው ውሃ በቦይ ይራቅለት፣ ዙሪያው ተዳፋት ሊሾ ይደረግለት። በስተኋላ ያለው ባሕር ዛፍም ውሃ እየመጠጠ አፈሩን ያደርቀዋል፤ የእሱን ነገር ደግሞ ስመጣ እንነጋገራለን። እንደሚቆጡ አውቃለሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ ግን እርስዎ እንዳይወርዱ። አፈሩ ይናዳል። ጎረምሶቹ ይቆፍሩ፣ እርስዎ ከላይ ሆነው ያዟቸው። ሲጨርሱ በእሾህ ይከለል፣ ጥጃ እንዳይገባበት። ለሆሳዕና እመጣለሁ፤ እስከዚያ ክፍቱን ይጠብቀኝ።

ልጅዎ