ናጋሳኪን ከሂሮሺማ ለይተን እንይ

ለአዘጋጁ፦

«የአቶሚክ ቦምቦቹ ጦርነቱን ስላስቆሙ ተገቢ ነበሩ» የሚለው ክርክር ስለ ሂሮሺማ ሊያነጋግር ይችላል፤ ለናጋሳኪ ግን አያስኬድም። ሂሮሺማ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ተመታች። ሶቪየት ኅብረት ነሐሴ 2 ጦርነት አውጃ በማግስቱ ጃፓን ወደያዘችው የሰሜን ምሥራቅ ቻይና ግዛት ወደ ማንቹሪያ ገባች፤ ናጋሳኪም የተመታችው በዚያው ቀን ነው። የጃፓን ከፍተኛ የጦርነት ምክር ቤት ስለ እጅ መስጠት መምከር የጀመረው የናጋሳኪ ወሬ ሳይደርሰው ነው። ከደረሰው በኋላም ሦስት ለሦስት እንደተከፈለ ቀረ፤ ነገሩን የቆረጡት ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ናቸው።

ለሁለተኛው ቦምብ የተለየ ውሳኔም አልተሰጠም። የአሜሪካ ጦር የሐምሌ 18ቱ ትእዛዝ ተጨማሪ ቦምቦች እንደተዘጋጁ እንዲጣሉ አስቀድሞ ፈቅዶ ነበር። ቦምቡን የያዘው አውሮፕላን የመጀመሪያ ዒላማው በነበረችው በኮኩራ ከተማ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ዒላማው ስላልታየው ወደ ናጋሳኪ ዞረ። ይህን «የታሰበበት እርምጃ» ማለት ይከብዳል።

ጋዜጣችሁ በየነሐሴው ጉዳዩን ሲያነሳ ሁለቱን ከተሞች ለያይቶ ያቅርብ፤ ከጽሑፉም ጎን የትእዛዙን ትርጉምና ከሐምሌ 18 ጃፓን እጅ መስጠቷን እስካወጀችበት እስከ ነሐሴ 9 ያለውን የቀን ሰንጠረዥ ያትም።