ከመንገደኞቹ ጋር ያሉ መስሎን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በዚሁ ዓምድ አንድ አንባቢ «የዛሬ ታዳጊዎች ቤተ ክርስቲያንን አያከብሩም፤ ቃል እየተነገረ ያንቀላፋሉ፣ ሲጠየቁ አንገታቸውን ይደፋሉ» ሲሉ ምሬታቸውን ገልጸዋል። ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ፊርማዬን ከፊርማቸው ሥር አኖር ነበር። ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ ግን ክሱ የቀረበው በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ ይመስለኛል።

ወደዚህ አገልግሎት የገባሁት ጥሪ ኖሮኝ ሳይሆን ሰው ጠፍቶ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የታዳጊዎቹ አስተማሪ ትምህርቱን ለመቀጠል ሄደ። ከእርሱ በፊት የነበረችው አግብታ ርቃለች፤ ከእርሷ በፊት የነበረውን ማንም አያስታውሰውም። «ለጥቂት ሳምንታት ብቻ» ተባልኩ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጥቂት ሳምንታት» ስንት ዓመት እንደሚሆኑ ያገለገለ ያውቀዋል።

ለመጀመሪያው ቀን ስለ ጽድቅ ዘጠኝ ገጽ አዘጋጀሁ፤ የሒሳብ ሰው ነኝና በተራ ቁጥር። 11 ልጆች ነበሩ። ከኋላ ወንበሩን በሁለት እግር አቁሞ የሚወዛወዝ አንድ ልጅ ሃያኛው ደቂቃ ላይ እጁን አወጣ። ጥያቄ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። «ጋሼ፣ ስንት ገጽ ቀረዎት?» አለኝ። ቆጥሬ «አምስት» ብዬ መለስኩለት። ያን ጊዜ ያሰማው የትንፋሽ ድምፅ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። በሦስተኛው ሳምንት የመጡት አራት ልጆች ነበሩ፤ ከአራቱ አንዷ የእህቴ ልጅ ስለሆነች መምጣቷ ከምርጫ አይቆጠርም።

በዚህ ዕድሜ ያሉትን ለረጅም ዓመታት ወዳስተማረች ጎረቤቴ ሄጄ ስለ ሥነ ሥርዓት እጦት አማረርኩ። እስክጨርስ ሰማችኝና «እስቲ ስማቸውን ንገረኝ» አለችኝ። አምስት ላይ ቆምኩ።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አንዳንዱን ነገር ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ ብዙ ቁጣ ይቀርልኝ ነበር። በጉርምስና ወቅት እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ይመነጫል፤ ልጁ በጊዜ ቢተኛም እንቅልፉ በጊዜ አይመጣለትም። ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ። እኛ ደግሞ በማለዳ ቀስቅሰን አምጥተን ለምን ያዛጋል እንላለን። ከግንባር ጀርባ ያለውና ስሜትን የሚገታው፣ መዘዙን አስቀድሞ የሚያሰላው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እድገቱን አይጨርስም። ይህን ስል ልጆቹ አይቀጡ፣ አይታረሙ ማለቴ አይደለም። ወንበር የሚያወዛውዝን ልጅ እንደ አመፀኛ መቁጠር ግን አቁሜአለሁ። ወንበሩ ጠንካራ መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያወዛውዘው።

አንገት መድፋትን በተመለከተ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ቀን ዝምተኛውን ልጅ ድንገት በስሙ ጠርቼ «አንተ በጸሎት ዝጋልን» አልኩት። ማበረታታቴ ነበር። ልጁ ሁለት ቃል ተናገረ፣ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ፣ ከፊት የነበሩት ሳቁ። ለአንድ ወር ጠፋ። ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታዳጊ ልጅ ሰው ሁሉ እርሱን ብቻ የሚመለከት እንደሚመስለውና በምናቡ የፈጠራቸው ተመልካቾች ዘወትር ከፊቱ እንዳሉ ጽፏል። እኔ ደግሞ ምናባዊዎቹ አልበቃ ብለው እውነተኛ ተመልካች አቆምኩበት። አሁን ማንንም ድንገት አልጠራም። መጸለይ የሚፈልግ በሳምንቱ መጀመሪያ ይነግረኛል፤ የማይፈልግ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ያለ ስም ይሰጠኛል። ከወረቀቶቹ የሚወጣው ጥያቄ ከዘጠኙ ገጾቼ ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም። «እግዚአብሔር ካልመለሰልኝ ተቆጥቶኝ ነው?» የሚለውን ለማስተማር ሳይሆን ለመስማት ብቻ ሙሉ ሰዓቱን ወሰድን።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ ያለውን የአውጤኪስን ታሪክ ያነበብን ዕለት ደግሞ አስተማሪው እኔ አልነበርኩም። ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ መንፈቀ ሌሊት ንግግሩን ሲያስረዝም ወጣቱ በመስኮት ተቀምጦ አንቀላፋና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። እኔ በቃለ እግዚአብሔር ፊት ስለ መትጋት ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ቀደመችኝ፤ «ጳውሎስ እኮ አልተቆጣውም፤ ስብከቱን አቁሞ ወረደና አቀፈው» አለች። ዝም አልኩ። ባለ ወንበሩ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ተመልሶ ግን እስኪነጋ ተናገረ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ልክ ነው፤ እንደዚያ ተብሎ ተጽፏል።

አሁን ልጽፍ ከተነሣሁባቸው ነገሮች ከባዱ ላይ ደረስኩ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ከትምህርቱ በኋላ ቀርታ «ጋሼ፣ ለማንም የማይናገሩ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለችኝ። «አልናገርም» ብዬ ቃል ገባሁ፤ ምን እንደሆነ ሳልሰማ። የነገረችኝ ነገር ዝም የሚባልበት አልነበረም። ቃሌን አፍርሼ ለሚመለከታቸው ሰዎች ተናገርኩ፤ ልጅቱም እርዳታ አገኘች። ለሁለት ወር ግን ባየችኝ ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር፤ አልፈርድባትም። ዛሬ በየዓመቱ መጀመሪያ ለሁሉም አስቀድሜ የምናገረው ይህ ነው፦ «የምትነግሩኝን ወሬ አላደርገውም። የሚጎዳችሁ ሰው ካለ ወይም ራሳችሁን ለመጉዳት ካሰባችሁ ግን ሊረዳችሁ ለሚችል ሰው እናገራለሁ፤ ከመናገሬ በፊትም ለእናንተው እነግራችኋለሁ።» የፈራሁት ከዚህ በኋላ ማንም አይነግረኝም ብዬ ነበር። ይነግሩኛል።

ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ብቻዬን መሆን አቁሜአለሁ። በሩ ክፍት ይሆናል፣ ሁለተኛ አዋቂ ይቀመጣል። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ተጠርጥረህ ነው ወይ?» ብለው አዘኑልኝ። ሒሳብ ክፍል የኖረ ሰው ይህ አያሳዝነውም። ገንዘብ ሲቆጠር ሁለት ሰው የሚቀመጠው ቆጣሪው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የእሑዱን መባ የሚያስቆጥሩት በሁለት ሰው ነው፤ ለልጆቹ ግን አንድ ሰው፣ እርሱም በሩን ዘግቶ፣ በቂ መስሏቸው ነበር።

የክሱን አቅጣጫ ልቀይር ያልኩት ለዚህ ነው። ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደጻፈው ዮሴፍና ማርያም የ12 ዓመቱን ልጃቸውን ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጉዘዋል። ግድ የለሾች ስለነበሩ አይደለም፤ ሁሉም ሌላው ዘንድ ያለ ስለመሰለው ነው። የእኛም ነገር እንደዚያው ነው። የሕፃናት ክፍል «አድገዋል» ብሎ ያሰናብታቸዋል፤ የወጣቶች ክፍል «ገና ናቸው» ብሎ አይቀበላቸውም፤ ወላጅ ቤተ ክርስቲያን ይዛቸዋለች ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወላጅ። መሐል ላይ ለቀሩት ሥራ የፈታ ሰው ይፈለግላቸውና በስድስት ወሩ ይቀየራል። እኔ ከመምጣቴ በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት አስተማሪ አይተዋል። ልጆቹ የመጀመሪያ ሰሞን ስሜን ለመያዝ ያልደከሙት ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ስሰማ ነው።

ለቅሬታ አቅራቢው ወንድሜ ወይም እኅቴ የማቀርበው ግብዣ አለኝ። ሁለተኛ ሆና አብራኝ የምትቀመጠው እህት በሚቀጥለው ወር ወደ ሌላ አገልግሎት ስለምትዛወር ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ማስተማር አይጠበቅብዎትም፤ በመጀመሪያው ወር ቢናገሩም ባይናገሩም ለውጥ የለውም። ስማቸውን ይያዙ፣ ያለፈው ሳምንት ፈተና እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ፣ ጠፍቶ የመጣ ካለ የት ነበርክ ሳይሆን እንኳን መጣህ ይበሉት። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቆዩ ካልሆነ ግን ባይጀምሩት እመርጣለሁ። ከልጆቹ መካከል የሚያዛጋ አይጠፋም፤ እኔም አንዳንድ ቀን አዛጋለሁ።

አክባሪያችሁ፤
ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ