የሥነ ፈለክ ክበብ፦ ያለ ቴሌስኮፕ ፍንዳታ ያሳደድንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ጨረቃና ፕላኔቶችን ተወት አድርጎ አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አለ፤ ረጃጅም የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች ላይ። ምርጫው የልጆቹ ነው። ቴሌስኮፕ የለንም። ቢኖረንም የመጀመሪያዋን ብልጭታ አናይባትም ነበር፤ ጋማ ጨረር የምድርን ከባቢ አየር አልፎ ስለማይደርሰን የሚይዙት ሳተላይቶች ናቸው። ደግነቱ መረጃው ለማንም ክፍት ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ እምብርቱ ሲደረመስ፣ ለብርሃን በተጠጋ ፍጥነት የሚወረወር ጠባብ ፍሰት ይወጣል። ወደ እኛ ከዞረ ጋማ ጨረሩን እናገኛለን። ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ «ረጅም» ነው። (ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፣ እውነታቸውን ነው።) ከዚያ ፍሰቱ በዙሪያው ካለው ጋዝ ጋር ሲላተም ቅሪት ብርሃን ይፈጠራል፤ በኤክስሬይ፣ በዓይን በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ እየደከመ ይሄዳል፣ ሬዲዮው ለወራት ሊቆይ ይችላል። የቬላ ሳተላይቶች የመጀመሪያውን ፍንዳታ የመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ቤፖሳክስ የተባለችው ሳተላይት የመጀመሪያውን ቅሪት ብርሃን እስክታገኝ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1997፣ ነገሩ ከቅርብ ይምጣ ከሩቅ እንኳ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም።

ልጆቹን ያሳበደቻቸው ግን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 2022 የታየችው ፍንዳታ ናት። ተመራማሪዎች የሚለዋወጧቸውን አጫጭር መልእክቶች በጊዜ ቅደም ተከተላቸው አነበብናቸው፤ የሚቀጥለውን ቀድሞ መክፈት ክልክል ነበር። ስዊፍት ሳተላይት አንድ ደማቅ ነገር አየች፣ ቦታው ለፍኖተ ሐሊብ ቅርብ ስለሆነ እዚሁ ጋላክሲያችን ውስጥ ያለ ነገር ነው ተባለ። ልጆቹም ተስማሙ። ቀጥሎ ሲነበብ ለካ ፌርሚ የተባለችው ሌላ ሳተላይት ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት መመርመሪያዋን ያጥለቀለቀ ፍንዳታ መዝግባ ኖሯል! ስዊፍት ያየችው ቅሪቱን ነው፣ ርቀቱም 2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ቻይና ተራራ ላይ ያለው ላሶ የተባለ መመርመሪያ ደግሞ ከ10 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ጉልበት (በዓይን ከሚታይ ብርሃን ትሪሊዮኖች እጥፍ) ያላቸው ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ መያዙን ሳነብላቸው አንዷ «መምህር፣ አጋንነው ይሆን?» አለችኝ። አላጋነኑም።

ቀጥሎ የሌላ ፍንዳታ የኤክስሬይ መረጃ አውርደን ድምቀቱ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ግራፍ ሠራን። በተራ ወረቀት አልሆነም፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነጥቦች ግራ ጠርዝ ላይ ተደራረቡ፣ የቀሩት ቀናት በሙሉ ወለሉ ላይ ተኙ። ሁለቱንም ዘንግ በሎጋሪዝም (እያንዳንዱ እርምጃ አሥር እጥፍ በሚሆንበት ልኬት) ስንቀይረው ነጥቦቹ ተበታትነው ቁልቁል የሚወርዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆኑ። መጀመሪያ በጣም ይወርዳል፣ መሃል ላይ ዘና ይላል፣ እንደገና ይወርዳል። ያ መሃሉ ላይ ያለው ዘና ማለት ከየት መጣ? አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከሩበት፤ ብዙዎቹ ማዕከሉ ላይ የቀረው አካል ጉልበት መስጠቱን አላቆመም የሚለውን ያዙ፣ ባለሙያዎችም ገና የሚነታረኩበት ስለሆነ ማንንም አላረምኩም። በነገራችን ላይ ሎጋሪዝም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያን ያህል ወዳጅ አልነበራትም።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር ግን ያቺው የ2 ሰከንድ መስመር ናት። በታኅሣሥ 2021 አንድ ደቂቃ ገደማ የቆየች ፍንዳታ ታየች፤ በደንቡ ከሄድን ኮከብ ተደርምሶ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የኮከቡ ፍንዳታ፣ መታየት ነበረበት። የታየው ግን ኪሎኖቫ ነው፣ ኒውትሮን ኮከቦች (የሞቱ ግዙፍ ኮከቦች እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ሲጋጩ የሚጠበቀው ዓይነት ብርሃን፤ ግጭቱ ደግሞ አጭር ፍንዳታ ነው የሚሰጠው ይባል ነበር። በመጋቢት 2023 ሌላ ረጅም ፍንዳታ ተከተለ፣ ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕም በቅሪቱ ውስጥ የቴሉሪየም ምልክት አገኘ፤ ይህም እንዲህ ባለ ግጭት ይፈጠራል የሚባል ከባድ ንጥረ ነገር ነው። እንግዲህ ቆይታ ብቻውን አይበቃም፤ ኤክስሬዩም ኢንፍራሬዱም ሬዲዮውም አብረው ካልታዩ ማን ምን እንደፈነዳ አይታወቅም። ግማሹ ክበብ መስመሩ ይሰረዝ ይላል። ግማሹ ለመጀመሪያ ግምት ይጠቅማልና ይቆይ ባይ ነው፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ለከርሞ የሬዲዮ መረጃ የሚያነብ ቡድን እናቋቁማለን። መመዝገብ የምትፈልጉ ሎጋሪዝም ባትችሉም ችግር የለም፣ እዚሁ ትለምዱታላችሁ።