የሩሲያ የዕፀዋት መድኃኒት መጻሕፍት ሲተረጎሙ የላቲን ስማቸው አይቅር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ከሩሲያኛ የተመለሱ የዕፀዋት መድኃኒት አዘገጃጀቶች መውጣት ከጀመሩ ወዲህ አንዱንም ሳላነብ አላለፍሁም። ፋርማሲ የተማርሁት በሶቭየት ኅብረት ነው፤ ከዚያ ይዣቸው የመጣሁት መጻሕፍትም ዛሬ ድረስ ከጠረጴዛዬ አልራቁምና ሥራው መጀመሩ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን የተክሉ የላቲን ስም፣ የሚወሰደው ክፍልና ልኩ በትርጉሞቹ ውስጥ በተደጋጋሚ ሲቀር ስላየሁ፣ ጉዳዩም የሰው ጤና የሚነካ በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ሩሲያውያን ራሳቸው ስለ ዕፀዋት መድኃኒት ከጻፏቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ ትርጉም ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1534 የጀርመኗ ሊዩቤክ ከተማ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ኒኮላይ ቡሌቭ በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን መሪ በሜትሮፖሊታን ዳንኤል ትእዛዝ አንድ የጀርመን የዕፀዋት መጽሐፍ ወደ ሩሲያኛ መለሰ፤ መጽሐፉም በእጅ እየተገለበጠ ለረጅም ዘመን ተነበበ። እርሱን የገጠመው ችግር ዛሬ የእኛን ተርጓሚዎች የሚገጥማቸው ነው፤ በአንዱ አገር ሜዳ የሚበቅለው ተክል በሌላው አገር ስም የለውም፣ ወይም ያንን ስም የያዘው ሌላ ተክል ነው። ታላቁ ጴጥሮስ በሞስኮ በ1706፣ በሴንት ፒተርስበርግ ደግሞ በ1714 የመድኃኒት ተክሎች የሚለሙባቸውን የአትክልት ስፍራዎች አቋቋመ። ኒኮላይ አኔንኮቭ በ1859 ያወጣውና በ1878 አስፋፍቶ ያሳተመው የዕፀዋት መዝገበ ቃላት ደግሞ በየላቲኑ ስም ሥር ሕዝቡ በየአካባቢው የሚጠቀምባቸውን መጠሪያዎች ሰበሰበ። ከሁሉም በላይ የማከብረው ይህን የአኔንኮቭን ድካም ነው፤ መዝገበ ቃላቱን የገለጠ ሰው አንድ የሕዝብ ስም ስንት ተክል እንደሚሸከም በዓይኑ ያያል።

«ጎሪጽቬት» የሚለውን ስም እንውሰድ። በዚህ ስም ከሚጠሩት ተክሎች አንዱ በላቲን አዶኒስ ቬርናሊስ የሚባለው ነው። ሕዝቡ ሲጠቀምበት የኖረውን ይህን ተክል በታዋቂው ሐኪም በሰርጌይ ቦትኪን ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቡብኖቭ መርምሮ በ1880 በልብ ላይ ያለውን ኃይል አሳየ፤ የነርቭ ሐኪሙ ቤኽቴሬቭም በኋላ ለነርቭ ሕመም ከሚያዘው የመድኃኒት ቅመም ውስጥ አስገባው። ሆኖም ሩሲያውያን ከዚህ ጋር ፈጽሞ የማይዛመድ፣ ሊክኒስ ፍሎስ ኩኩሊ የሚባል የሜዳ አበባንም ጎሪጽቬት ይሉታል። ተርጓሚው «ጎሪጽቬት አፍልተህ ጠጣ» ብሎ ቢያልፍ አንባቢው የትኛውን እንደሚይዝ በምን ያውቃል?

የልኩም ነገር እንዲሁ ነው። በ1987 እና በ1990 በሁለት ቅጽ በወጣው የሶቭየት ኅብረት አሥራ አንደኛ ፋርማኮፒያ (መንግሥት የሚያወጣው የመድኃኒት አዘገጃጀት መመሪያ መጽሐፍ) መሠረት፣ ቅጠልና አበባ የሚዘፈዘፈው በአብዛኛው አንድ እጅ ተክል ለአሥር እጅ ፈሳሽ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ዕቃው በፈላ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቆይና 45 ደቂቃ እንዲበርድ ይተዋል። ሥርና ቅርፊት ግን 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ 10 ደቂቃ ብቻ ይበርዳል። አዶኒስ ኃይለኛ ስለሆነ ለአንድ እጅ ሠላሳ እጅ ፈሳሽ ታዝዞለታል። ይህን ሁሉ «አንድ እፍኝ» በሚል ቃል መተካት ከመጽሐፉ ዋናውን ነገር አውጥቶ መጣል ነው።

ትክክለኛ መጽሐፍም ቢሆን ዘመን ያልፍበታል። ዝቬሮቦይ፣ በላቲን ሃይፔሪኩም ፐርፎራቱም የሚባለው ተክል፣ በሩሲያ «የ99 በሽታ መድኃኒት» እየተባለ ይወደሳል፤ በድሮዎቹ መጻሕፍቴም ይህን ያህል የሚያስፈራ ነገር አልተጻፈበትም። በ2000 አካባቢ ግን ጉበት መድኃኒቶችን የሚያፈርስበትን ሥራ እንደሚያፋጥንና በዚህም የኤችአይቪ መድኃኒቶችን፣ የወሊድ መከላከያ እንክብሎችንና ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን ኃይል እንደሚያሳጣ ታወቀ። ከትርጉሞቹ በአንዱ ይህ ተክል «አሜጃ» ተብሏል። የደጋችን አሜጃ የዝቬሮቦይ ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ወገናችን ይህን አንብቦ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ይህ ስጋቴ ባዶ እንዳልሆነ በቅርቡ አይቻለሁ። አንዲት እናት በወረቀት የተገለበጠ ትርጉም ይዘው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። የሬት ጭማቂ ከማርና ከቀይ ወይን ጋር ለጨጓራ እንዲጠጡ ይላል። ሩሲያዊው ጸሐፊ ያሰበው ግን በየቤቱ መስኮት ላይ በማሰሮ የሚያድገውን አሎ አርቦሬሴንስ ነው። እኒህ እናት ከጓሯቸው የቆረጡት የአገራችን ሬት ሌላ ዝርያ ነው፤ ከቅጠሉ ልጥ ሥር የሚወጣው መራራ ቢጫ ፈሳሽ ሆድን በብርቱ የሚያስቀምጥ በመሆኑ ሦስት ቀን ተቅማጥ አሠቃያቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ድነዋል።

ስለዚህ ከእንግዲህ በሚወጣው በእያንዳንዱ አዘገጃጀት ላይ የተክሉ የላቲን ስም በፊደላችን ይጻፍ፤ የአማርኛ ስም የሚሰጠውም ተክሉ ያው መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን፤ የሚወሰደው ክፍል፣ በግራም የተነገረው ልክና ማን መውሰድ እንደሌለበት ሳይቆረጥ ይቀመጥ፤ የመጽሐፉ የኅትመት ዓመትም ይገለጽ። ቁጥጥር ከላላበት ከ1990ዎቹ ወዲህ በሩሲያ ከባለሙያ መጻሕፍት ጎን ማንም የጻፋቸው በብዛት ታትመዋልና ተርጓሚው ምርጫውን ከዚያው ቢጀምር መልካም ነው። ጽሑፎቹ ከመታተማቸው በፊት ስሞቹን ከመጻሕፍቴ ጋር ለማመሳከር ያለ ክፍያ ፈቃደኛ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ