ያቺን መስመር አትሻገሪ

ሚጡዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ኮርክ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው።

ትናንት ማታ ስልክ ተደወለልኝ። ልጅህን ቅዳሜ ከድንበሩ ማዶ ኒውሪ አየናት፣ ከጓደኞቿ ጋር ጫማ ስትገዛ ነበር፣ አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነው የነገሩኝ። እኔ ግን እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

የምትይኝን አውቃለሁ። "አባዬ፣ ሃያ ደቂቃ እኮ ነው፤ ኬላ የለ፣ ፖሊስ የለ።" እውነትሽን ነው። ከምትኖሪበት ከደንዳልክ ኒውሪ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የፍጥነት ሰሌዳው ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ይለወጣል። የመንገዱ ዳር ቢጫ መስመር ነጭ ይሆናል። አረንጓዴው የፖስታ ሳጥን ቀይ፣ ዩሮው ፓውንድ። በቃ፣ ሌላ ምልክት የለም። ግን ማዶው ሌላ መንግሥት ነው፤ ይህኛው አየርላንድ፣ ያኛው በእንግሊዝ ሥር ያለው ሰሜን አየርላንድ። ጓደኞችሽ አይሪሾች ናቸው፣ ማንም አይጠይቃቸውም። ያንቺ የመኖሪያ ካርድ ግን የሚሠራው በዚህኛው በኩል ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለመሻገር የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋል። የኢሚግሬሽን ሰዎች አውቶቡስ ላይ ድንገት ወጥተው ወረቀት ይጠይቃሉ። የዜግነት ወረቀትሽ እስኪመጣ ያቺን መስመር አትሻገሪ።

ቤታቸውን ስላከራዩኝ አይሪሽ አሮጊት፣ ስለ እማማ፣ ብዙ ነግሬሻለሁ። እናትሽማ ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል። ግን መጨረሻውን ለማናችሁም አልነገርኩም።

እማማ የተወለዱት በማዶው፣ ስሊቭ ገሊየን ተራራ ሥር ነው። ድንበሩ የተሰመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1921 ነው። የቤተሰባቸው እርሻ ሰሜን ቀረ፤ የሚገበያዩበት ደንዳልክ ደግሞ ደቡብ ሆነ። በ1923 ጉምሩክ ቆመበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደቡቡ ሻይና ነጭ ዱቄት ሲቸግረው፣ ሰሜኑ ቅቤ ቸገረው። እማማ የ12 ዓመት ልጅ ሆነው ሻይ ይዘው ይወርዱና፣ ሲመለሱ ቅቤውን ከቀሚሳቸው ሥር ይሸጉጣሉ። አንድ ቀን የጉምሩኩ ሰውዬ ጠረጠራቸው። አልፈተሻቸውም። "ብርድ ነው፣ ነይ እሳት ሙቂ" ብሎ ምድጃው አጠገብ አስቀመጣቸው። ቅቤው ቀልጦ በእግራቸው ወረደ! ይህን ሲያወሩ እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር።

ሰሜኑ በእርስ በርስ ግጭት ስለታመሰበት ክፉ ዘመን ሲያወሩ ግን አይስቁም። የእንግሊዝ ጦር ትንንሾቹን መንገዶች በፈንጂ ሲቆፍርባቸው፣ ወንድማቸውን ለማየት ብዙ ኪሎ ሜትር ይዞሩ ነበር። አንቺ በየቀኑ የምታልፊበት ክራው ስትሪት ላይ፣ በ1975 የፈረንጆቹ ገና ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ቦምብ ፈንድቶ ሁለት ሰው ገድሏል። በታኅሣሥ 2000 ክሊንተን መጥቶ አደባባዩ ላይ ሲናገር እማማ በብርዱ ቆመው ሰምተውታል። "ሰላም መሆኑን ያን ማታ አመንኩ" ይሉኝ ነበር። ኬላ የለም ብለሽ ቀለል አታድርጊው። ላለመኖሩ ብዙ ተከፍሎበታል።

ሁለት ዓመት እሳቸው ቤት ተከራይቼ ኖርኩ። ኪራይ ሳጣ አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። በ2013 ጥር ላይ አረፉ። እዚያም እንደኛ ነው፣ ሬሳው ቤት ያድራል፣ ሰው ሻይ እየጠጣ ሲያወራ ያነጋል። ሁለቱንም ሌሊት አልተለየሁም። በነጋታው አስከሬኑ ወደ ሰሜን ሄደ፤ የወላጆቻቸው መቃብር እዚያ ነው። ልጃቸው "ማንም አያይህም፣ ግባ" ብሎ የመኪናውን በር ከፈተልኝ። አልገባሁም። የወረቀቴ ጉዳይ ገና ቢሮ ነበር፤ እናንተም አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትጠብቁት እሱን ነበር።

በእግሬ ፎኸርት ኮረብታ ወጣሁ። ቅድስት ብሪጅድ የተወለደችበት ይባላል፤ ጸበሏም እዚያው ነው። በ1318 የተገደለው የስኮትላንዱ ንጉሥ ወንድም የኤድዋርድ ብሩስ መቃብርም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ተራራው ፊት ለፊት ይታያል። በጥቁር ልብሴ ወደዚያ ዞሬ ቆምኩ፣ ይሄኔ ቀብረዋቸው ይሆናል እስክል ድረስ። ያን ቀን ብያዝ ኖሮ አንቺ ዛሬ እዚህ አትሆኚም ነበር፣ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ያጽናናኛል። አንዳንድ ቀን አያጽናናኝም። ሁለት ዓመት ያበሉኝን ሰው ቀብር ሳልቆም ቀረሁ።

ዜግነቴን ባገኘሁ በሳምንቱ ሄድኩ። ሣር በቅሎበት ነበር።

አሁን አድምጪኝ። የመኖሪያ ካርድሽ መቼ እንደሚያልቅ ዛሬውኑ እይ። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ማመልከቻሽን የያዘው ሰማያዊ ፋይል ከአልጋው ሥር አይቀመጥ፣ ቤቱ ይረጥባል። ጓደኞችሽ ነይ እንሂድ ሲሉሽ አትፈሪ፣ አትዋሺ፤ ቪዛ የለኝም በያቸው። ማፈር የለበትም። ያቺን መስመር አትሻገሪ።

የካቲት 1 በፈረንጆቹ የብሪጅድ ቀን ነው። ፎኸርት በዚህኛው በኩል ስለሆነ ኮረብታውን ውጪ። ለእማማ ሻማ አብሪላቸው። ወፍራሙን ኮት ልበሺ፣ ዣንጥላ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ወረቀትሽ ሲመጣ መቃብራቸው ጋ አብረን እንሄዳለን፣ እኔ ነኝ የምነዳው።

ጫማው ከጠበበሽ ደግሞ ልቀይር ብለሽ ተመልሰሽ እንዳትሄጂ። ቁጥርሽን ላኪልኝ፣ ከዚህ ሌላ እገዛልሻለሁ።

አባትሽ