ጤፍን ያስመለሰው ናጎያ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ሀዋሳ ስለተካሄደው ስብሰባ የጻፋችሁትን አነበብኩ። የክብር እንግዶቹን ዝርዝርና የሆቴሉን ውዳሴ ልለፈው። ያንገበገበኝ አንድ መስመር ነው፤ «ኢትዮጵያ በናጎያ ስምምነት ጤፏን አስመለሰች»።

በምኑ? ናጎያ የውጭ ሰው የአንድን አገር ዘረመል ሲጠቀም ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል የሚያዝ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። የጸደቀው በፈረንጆቹ 2010 ነው። ሥራ ላይ የዋለው በ2014። ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን ተጠቅሞ ጥቅሙን የማካፈል ውል የተፈረመው ግን በ2005 ነው። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ የሚሰጥ ብቸኛ የመጠቀም መብት፣ የሰጠውም በ2007። ስምምነቱ እሱ ሳይወለድ የተወሰደብንን ጤፍ ነው እንግዲህ ያስመለሰው!

ፓተንቱን የሻረው በ2018 ሔግ ያለ የሆላንድ ፍርድ ቤት ነው። ያውም ከሳሽም ተከሳሽም የሆላንድ ድርጅቶች ነበሩ። አንዱ «ፓተንቴን ጣስክ» ብሎ ሌላውን ከሰሰ። ዳኞቹ ጉዳዩን ሲያዩት ፓተንቱ የፈጠራ ብልሃት የሌለው ሆኖ አገኙትና ውድቅ አደረጉት። እኛ በክርክሩ ውስጥ አልነበርንም። ፍርዱም የሚሠራው እዚያው ሆላንድ ነው።

«ተሻረ አይደል፣ ምን ታካብዳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የማካብደው፣ ስምምነት አዳነን ካልን ውሉ ምን አስገኘ ብሎ የሚጠይቅ ስለማይኖር ነው። ከውሉ አገሪቱ እጅ የገባው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ ድርጅት ስም ቀጠለ። 4,000ዋን ለጤፍ ገበሬዎች አካፍላችሁ ድርሻቸውን በሚቀጥለው እትም ብታወጡልን ደስ ይለናል።

ሌላው የሚያበግነኝ ደግሞ እንሰት ነው። ዙሪያዋን በእንሰት በተከበበች ከተማ ተሰብስቦ ስለ እንሰት አንዲት ቃል የለም! በፈረንጆቹ 2001 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የምግብ ዕፅዋት ስምምነት በጋራ ለመጠቀም የዘረዘራቸው ሰብሎች አሉ። ሙዝ አለበት፣ እንሰት የለበትም። ስለዚህ የውጭ ሰው እንሰታችንን ለምርምር ሲፈልግ የሚመለከተው ይኸው እናንተ ያሞካሻችሁት ናጎያ ነው። ታዲያ ከጤፍ ይልቅ እኛን አይነካም ነበር?

እናቴ ከከተማ ወጣ ብሎ እንሰት አላት። ለቆጮ የሚሻለው የቱ እንደሆነ፣ ጥሩ ቡላ የሚወጣው ከየትኛው እንደሆነ በእጇ ነው የምታውቀው። ከጥቂት ዓመት በፊት ካሜራና ጂፒኤስ የያዙ ሰዎች መጡባት፤ የውጭ ዜጎችም ነበሩበት። ጠየቋት፣ ጻፉ፣ ችግኝ ወሰዱ። እሷም ቡና አፍልታ ሸኘቻቸው። አንድ ወረቀት አላሳዩአትም። «እንመለሳለን» ብለው ነበር፣ እስካሁን እየተመለሱ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ስለ ዘረመል ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ግን ዕውቀቱን ለመውሰድ የማኅበረሰቡ ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት ይላል። መንግሥት ከሀብቱ በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ ደግሞ 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ ነው። እናቴ አዋጁን አታውቅም። የመጡት ግን ያውቁታል።

ከፎቶው ሥር «የማኅበረሰብ ተወካዮች» ብላችኋል። አጉልቼ አየሁት። ሁሉም ከረባት አስሯል። እንሰት ስትፍቅ የዋለች አንዲት ሴት እንኳ የለችም። ከረባት የሚያስር ማኅበረሰብ መኖሩን በእናንተ አወቅኩ።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡልን። ለቀጣዩ ፎቶም እናቴ ጓሮ መምጣት ትችላላችሁ። አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ