አጥር የባቡር ነው፤ የእኛ መንገድ ፍጥነቱ ይቀነስ

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ፊት ለፊት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ካለው የጀበና ቡና እየተቀመጥሁ ተማሪዎች አስፋልቱን ሲሻገሩ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ያየሁት ግን ዝም የሚያሰኝ አልሆነም።

አንዲት ተማሪ ከኮፒ ቤት ወጥታ እስከ ዜብራው ወረደችና ቆመች። አንድ ባጃጅ ደርሶ ቆመላት፤ ባለባጃጁም እጁን አውጥቶ እለፊ አላት። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ከባጃጁ ኋላ የነበረ ሚኒባስ፣ የፊተኛው ለምን እንደቆመ ሳያይ፣ በግራ በኩል ቀድሞ ወጣ። ልጅቷ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ለጥቂት ተረፈች። የያዘችው ወረቀት ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ለቅሜ ስሰጣት አንደኛው ገጽ ላይ የጎማው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታትሞ ነበር። አስቀምጠን ቡና ብንሰጣት እጇ እየተንቀጠቀጠ ሲኒውን መያዝ አቃታት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ሰው የያዘው ሐሳብ የመንገዱ አካፋይ በብረት አጥር ይዘጋ የሚል ነው። ተማሪዎቹ ስልካቸውን እያዩ ነው የሚሻገሩት ይባላል። እንዲህ የሚያደርግ አለ፤ አልክድም። ይህች ልጅ ግን ዜብራ ላይ ነበረች፤ ቆማ ጠብቃለች፤ ቅድሚያም ተሰጥቷታል። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

አጥር የሚገባው ለባቡር ነው። አዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር ሲጀመር ሐዲዱ መታጠሩ ትክክል ነበር። ባቡር መሪ አዙሮ ሰው አይስትም፤ ረጅም የጭነት ባቡርማ ፍሬን ከያዘ በኋላ እንኳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሰውን ከሐዲዱ ማራቅ ግድ ነው። መኪና ግን ፍጥነቱ ከተገራ ይቆማል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ይህ ርቀት አልቋል፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ሌላ ይህንኑ ያህል ይፈልጋል። በ30 የሚነዳው ግን ማየቱም መቆሙም ተደምሮ 14 ሜትር አይሞላም። እንግዲህ በ30 የመጣው ቆሞ ባለቀበት ቦታ ላይ በ50 የመጣው ገና ፍሬኑን ሊረግጥ ነው።

ደግሞስ አጥሩ ማንን ያግዳል? ሽሮ ቤቱ፣ ኮፒ ቤቱ፣ የኪራይ ቤቱ ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ነው። በርሃብ ሰዓት ተማሪ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም፤ አጥሩን ይዘላል። አሽከርካሪው ደግሞ መንገዱ ለእርሱ ብቻ የተለቀቀ መስሎት ይበልጥ ይፈጥናል።

እኔ የምለምነው ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ ነው። ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከሆነ መኪናው ወደደም ጠላም ዝግ ይላል። መኪኖች የሚቆሙበት መስመርም ከዜብራው ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ይሳብ። ያ ባጃጅ ራቅ ብሎ ቆሞ ቢሆን ሚኒባሱ ልጅቷን ባያት፣ እርሷም ባየችው ነበር። ዘንባባዎቻችንን እወዳቸዋለሁ፤ የከተማችን መልክ ናቸው። ነገር ግን ዝቅ ብለው የተንዠረገጉት ቅጠሎች ቁመቱ አጠር ያለውን ሰው አስፋልቱ ላይ እስኪወርድ ድረስ ይሸፍኑታል፤ ይከርከሙ።

አዲስ ገቢዎች በሚመጡባቸው ሳምንታትም ትራፊክ ፖሊስ በሩ ላይ ቢቆም መልካም ነው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ እነርሱ ያሉትን አስተምሬአለሁና አውቃቸዋለሁ። ግራውን አይተው ይገባሉ፤ መሐል ሲደርሱ በቀኝ የሚመጣውን ይረሱታል።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ አልጠብቅም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ለእግረኛውም ለባለ ብስክሌቱም የየራሱ መተላለፊያ ተሰጥቶታል። አንድ ዜብራ ከዚያ አይከብድም።

ቦታው የት ይሁን ለሚለው ተማሪዎቹ በእግራቸው መልሰዋል። አሁን ያለው ዜብራ ከበሩ መቶ ሜትር ያህል ወርዶ ነው። ከበሩ ትይዩ ግን፣ በሁለት ዘንባባዎች መካከል፣ የአካፋዩ ሣር ተረግጦ ጠፍቶ አፈሩ እንደ መጅ ጠንክሯል። ለመለካት የሚመጣ ባለሙያ ካለ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ፤ አሳየዋለሁ።

ጡረተኛ መምህር
ከባሕር ዳር